የማይንቀሳቀሱት የሸክላ ሰዎች፦ ፊልም መሥራት የልጅነትን የጦርነት ቁስል ያድናል?

ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ አንድ ፊልም አሳየሁ። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ከሸክላ የተሠሩ ናቸው። የጣት ቁመት ያላቸው፣ ቀለም የተቀቡ፣ ትንንሽ ምስሎች። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ለምንድን ነው የማይንቀሳቀሱት?» አለኝ።

አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔም «ገንዘብ አንሷቸው ይሆናል» ብዬ ቀለድኩና አለፍኩት። ሌሎቹ ሲወጡ ግን ልጁ አልወጣም። ያደገው ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም ነበር። «እኔም ካሜራ ይዤ የእኛን ቤት ታሪክ ብሠራው ይቀለኛል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ቸኩዬ «አዎ፣ በደንብ እንጂ!» አልኩት።

ሥነ-ልቦና የማስተምር ሰው ነኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላይ መቸኮል አልነበረብኝም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የዚያ መልስ እርማት አድርጋችሁ አንብቡት። ስጽፈው የገባኝ ነገር ቢኖር፣ የልጁ ሁለት ጥያቄዎች፣ የሸክላዎቹም የካሜራውም፣ የተያያዙ መሆናቸው ነው። (ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው።)

ፊልሙና ሰውየው

ፊልሙ የካምቦዲያዊው ዳይሬክተር የሪቲ ፓን «የጠፋው ምስል» ነው። በ2013 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል «አን ሰርታን ረጋር» በሚባለው ዘርፍ ዋናውን ሽልማት ወሰደ። በኋላም ለኦስካር በመታጨት የመጀመሪያው የካምቦዲያ ፊልም ሆነ። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም አይበልጥም።

ታሪኩ የሚጀምረው ሚያዝያ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። በዚያች ቀን፣ ከዓመታት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ ክመር ሩዥ የሚባሉት ታጣቂዎች የካምቦዲያን ዋና ከተማ ፕኖም ፔንን ያዙ። የከተማው ሕዝብ እንዳለ ወደ ገጠር ተነዳ፤ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ከሆስፒታል አልጋ የተነሣው በሽተኛ ሳይቀር። ገንዘብ ተሻረ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሰው ሁሉ ጥቁር ልበስ ተባለ። ቤተሰብ ተበትኖ ሩዝ ማሳና ቦይ ቁፋሮ ላይ ተሰማራ። አገዛዙ በ1979 መጀመሪያ እስኪወድቅ ድረስ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚገመት ሰው በረሃብ፣ በበሽታ፣ በሥራ ብዛትና በግድያ አለቀ። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ማለት ነው።

ሪቲ ያኔ ልጅ ነበር። አባቱ በትምህርት ሚኒስቴር የሠሩ፣ በትምህርት የሚያምኑ ሰው ነበሩ። ለከብት እንጂ ለሰው የማይሰጥ ምግብ ሲሰጧቸው፣ ይህን አልበላም ብለው መብላት አቆሙ፤ በዚያው ሞቱ። እናቱም፣ እህቶቹም፣ የቤቱ ትንንሽ ልጆችም ተከታትለው ሄዱ። እሱ አስከሬን ሲቀብር ሁሉ ቆይቶ በ1979 ወደ ታይላንድ ሸሸ፤ ከዚያ ፈረንሳይ ገባ። እዚያ የአናጢነት ሙያ ሲማር በአንድ ግብዣ ላይ የቪዲዮ ካሜራ እጁ ላይ ወደቀች ይባላል። ፓሪስ የፊልም ትምህርት ቤት ገባ። በ1989 የመጀመሪያውን ዘጋቢ ፊልሙን ሠራ፤ ስለ ምን መሰላችሁ? በታይላንድ ድንበር ስላለ የካምቦዲያ ስደተኞች ካምፕ።

ልብ በሉ፦ በ1989 የሌሎችን ታሪክ ነው የሠራው። የራሱን ቤት ታሪክ በፊልም ለመሥራት 24 ዓመት ተጨማሪ ፈጅቶበታል። «ፊልም ሠርቶ ዳነ» የሚለውን አጭር ወሬ ስትሰሙ ይህች ቁጥር ትዝ ትበላችሁ።

የሚንቀሳቀሰው ማነው?

«የጠፋው ምስል» ስሙን ያገኘው ከአንድ ፍለጋ ነው። ሪቲ የአገዛዙን ወንጀል የሚያሳይ ምስል በየአርካይቩ ፈልጓል። ያገኘው ግን ክመር ሩዥ ራሳቸው የቀረጹትን ፕሮፓጋንዳ ነው፦ በሰልፍ አፈር የሚሸከም ሕዝብ፣ የሚያጨበጭቡ መሪዎች። የሞቱት ሰዎች ምስል የለም። ስለዚህ ከአፈርና ከውኃ አስቀረጻቸው። ሳሪት ማንግ የተባለው ቀራጺ ሲሠራ እጁንና ቢላውን ፊልሙ ላይ እናያለን፤ አንድ ጉብታ ሸክላ ቀስ በቀስ ነጭ ልብስ የለበሱ አባት ይሆናል። ገጠር ያደጋችሁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። በጭቃ በሬ ሠርቶ፣ ቀንበር አስሮ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ያልተጫወተ ማን አለ?

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። የሸክላ ምስልን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ፎቶ አንስቶ፣ ትንሽ ነካ አድርጎ፣ እንደገና ፎቶ አንስቶ ማቀጣጠል ነው፤ አድካሚ ቢሆንም የታወቀ ዘዴ ነው። ሪቲ ግን እንደዚያ አላደረገም። ምስሎቹ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹም ተኝተዋል። የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። በመካከላቸው ይሄዳል፣ ወደ ፊታቸው ይጠጋል፣ ይመለሳል።

ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው አንድ ነገር አስተዋልኩ። በፊልሙ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች አሉ እኮ፤ እነሱም በብዛት በአርካይቭ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ናቸው። ማለትም በፊልሙ ውስጥ መንቀሳቀስ የአገዛዙ ነው፤ አገዛዙ ራሱን በቀረጸበት ምስል ይራመዳል፣ ይፈግጋል፣ ያጨበጭባል። የሪቲ ቤተሰቦች ግን ይቆማሉ። አንዳንዴ ሸክላዎቹን በዚያ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ደርቦ ያስቀምጣቸዋል። ከሚተራመሰው ሕዝብ መካከል አንድ ደማቅ ነጠብጣብ ሸሚዝ የለበሰ የሸክላ ልጅ ድርቅ ብሎ ቆሞ ያያችኋል። ሁሉም ጥቁር ለብሷል፤ እሱ ብቻ ባለ ቀለም ነው።

ከዚህ በፊት በሠራው ሥራ ላይም ይኸው ነገር አለ። በ2003 በወጣው ስለ ኤስ-21 እስር ቤት ባዘጋጀው ፊልም፣ ከ12,000 በላይ ሰዎች ወደ ሞት ያለፉበትን ያንን ሕንጻ የቀድሞ ጠባቂዎች እንዲጎበኙት ያደርጋል። ከእነሱ አንዱ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ የድሮ ሥራውን በአካሉ ማሳየት ይጀምራል፤ በሩን ይከፍታል፣ የሌለ እስረኛ ላይ ይጮኻል፣ በሩን ይዘጋል። ሰውነቱ ያስታውሰዋል። በሕይወቴ ካየኋቸው ፊልሞች ይህን ያህል ያስፈራኝ ትዕይንት የለም፤ ደም የለበት፣ ተኩስ የለበት።

አእምሯችን ውስጥ ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ሳይንሱ ይግባ። የደረሰብን ነገር ሁሉ ቁስል አይሆንም፤ ከባድ አደጋ ካዩ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት ያገግማሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ትዝታው ከወር በላይ፣ ለዓመታትም፣ ሳይጠሩት እየመጣ ያስቸግራል። ባለሙያዎች ፒቲኤስዲ ይሉታል። ዋነኛ ምልክቱ ፍላሽባክ ነው። ፍላሽባክ ተራ ማስታወስ አይደለም። በር ሲንኳኳ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ፣ ያ የድሮ ነገር አሁን እየሆነ ያለ ያህል ሰውየውን ይውጠዋል።

ለምን «አሁን» ይመስላል? ክሪስ ብሩዊን የተባሉ እንግሊዛዊ የሥነ-ልቦና ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ1996 ያቀረቡት ማብራሪያ እስካሁን ብዙ ይጠቀሳል። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ክስተት ሲያጋጥመን ሁለት ዓይነት መዝገብ ይያዛል። አንደኛው የስሜት ሕዋሳት መዝገብ ነው፤ ቀለሙ፣ ድምፁ፣ ሽታው፣ የልብ ምቱ። ሁለተኛው የቦታና የጊዜ መዝገብ ነው፤ «ይህ የሆነው እዚያ ቤት፣ ክረምት ላይ፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ አልቋል» የሚለው። ለሁለተኛው መዝገብ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ወሳኝ ነው። ፍርሃት ከልክ ሲያልፍ አሚግዳላ የሚባለው ሌላ ክፍል አንደኛውን መዝገብ በኃይል ያትማል፤ ሁለተኛው ግን ስንኩል ሆኖ ይቀራል። ውጤቱ ቀንና ቦታ ያልተጻፈበት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሲከፈት ዛሬ የተላከ ይመስላል። ማብራሪያው በዝርዝሩ ላይ አሁንም ክርክር ያለበት ነው፤ ሕክምናዎቹ ለምን እንደሚሠሩ ለማሰብ ግን ይረዳል።

ፍላሽባክ የያዘውን ሰው አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፦ ሰውየው ድርቅ ይላል። የሚሮጠው ምስሉ ነው። አሁን ፊልሙን አስቡት። ምስሉ ቆሟል፤ የሚንቀሳቀሰው ሪቲ ነው። የት ልይ? ምን ያህል ልጠጋ? መቼ ፊቴን ላዙር? ይህን የሚወስነው እሱ ነው። ያ የሸክላ መንደር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከላይ ሲያየው፣ ጎጆዎቹ የት እንደነበሩ፣ የሩዝ ማሳው በየት በኩል እንደሆነ፣ ሆስፒታሉ የቱ ጋ እንደነበር በቦታ በቦታው ይቀመጣል። ያ የጎደለው የቦታና የጊዜ መዝገብ በእጅ ተሠርቶ ሲሞላ ማለት ነው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ዳይሬክተሩ ስለ ሂፖካምፐስ አስቦ ሠራው እያልኩ አይደለም። ግን ለልጁ ጥያቄ «ገንዘብ አንሷቸው» ከሚለው ቀልድ የተሻለ መልስ ይመስለኛል።

ገመድ፣ ድንጋይና አበባ

የሚገርመው፣ ይህን የሚመስል ነገር በሕክምናም አለ። ማጊ ሻወር፣ ፍራንክ ኖይነርና ቶማስ ኤልበርት የተባሉ የጀርመኑ ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጦርነት ተጎጂዎችና ለስደተኞች ብለው የቀረጹት የትረካ ሕክምና አለ። አጀማመሩን ብታዩት ጨዋታ ይመስላል። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ዕድሜ ነው። ደስ ያለ ነገር በሆነበት ቦታ አበባ ይቀመጣል፤ ክፉ ነገር በሆነበት ድንጋይ። ትልቅ ክፋት ትልቅ ድንጋይ። ከዚያ በሚቀጥሉት ቀናት ሰውየው ከባለሙያው ጋር ሆኖ ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተርካል። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ባለሙያው አያሳልፈውም፤ ቀስ አድርጎ ያቆመዋል። ምን አየህ? ምን ሸተተህ? አሁንስ ሰውነትህ ምን ይላል? እግረ መንገዱንም «ያ ያኔ ነው፣ አሁን እዚህ ነን» እያለ ይመልሰዋል። በመጨረሻ ትረካው ተጽፎ ይነበብለታል።

ይሠራል ወይ? በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በኡጋንዳ መጠለያ የነበሩ 43 የሱዳን ስደተኞችን በሦስት ከፍሎ አነጻጸረ። ከአንድ ዓመት በኋላ የትረካውን ሕክምና ካገኙት ውስጥ ፒቲኤስዲ አሁንም የነበረባቸው 29 በመቶ ነበሩ፤ ተራ የምክር አገልግሎት ካገኙት 79 በመቶ፣ ስለ ችግሩ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 80 በመቶ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዘዴው ለልጆችም ተስማምቶ ተዘጋጅቷል፤ በ2005 በዚያው በኡጋንዳ በስድስት የሶማሊያ ልጆች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቶበታል።

በዚህ ብቻ ባቆም ደስ ባላችሁ። ግን አልጨረስኩም። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት በስሪላንካ ጦርነትም ሱናሚም የደረሰባቸውን 31 ልጆች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ተረኩ፤ ግማሾቹ አተነፋፈስና አእምሮን ማረጋጋት ተማሩ። ከስድስት ወር በኋላ ከተራኪዎቹ 81 በመቶ፣ ከሌሎቹ 71 በመቶ አገገሙ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ላይ የሚቆጠር አልነበረም። እንዴ! ታዲያ ታሪኩን መናገር ለምን አስፈለገ? ሊሆን የሚችለው ብዙ ነው፦ ከአደጋው ጥቂት ሳምንት ብቻ ያለፋቸው ልጆች ስለነበሩ አንዳንዶቹ እንዲሁም ይድኑ ነበር ይሆናል። ወይም ዋናው መድኃኒት አንድ ትልቅ ሰው በተደጋጋሚ መጥቶ አብሮ መቀመጡ ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ግምት አልንቀውም።

አንድ ሌላ ወሬም ላርም። «ትዝታ ሲነሣ ይለሰልሳል፤ ያኔ እንደ ፊልም ቆርጦ መቀጠል ይቻላል» የሚል ነገር በየቪዲዮው ትሰማላችሁ። ወሬው ያለ መነሻ አይደለም። በ2000 ናደር፣ ሻፌና ለዱ ድምፅና የኤሌክትሪክ ንዝረትን አያይዘው በተማሩ አይጦች ላይ፣ የተቀሰቀሰ የፍርሃት ትዝታ እንደገና ለመጽናት አዲስ ፕሮቲን እንደሚፈልግ አሳይተዋል። ትልቅ ግኝት ነው። ግን ከአይጥ አሚግዳላ ውስጥ ከተወጋ መድኃኒት ተነሥቶ «ካሜራ ያዝና ትዝታህን ኤዲት አድርግ» እስከማለት ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ማንም ገና አልሄደበትም።

ፊልሙ የት ላይ ይደክማል?

ሂስ ብዬ ከጻፍኩ ቅሬታዬንም ልናገር። የፊልሙ ትረካ በመጀመሪያ መደብ፣ «እኔ» እያለ የሚነገር ነው፤ ድምፁ ግን የሪቲ አይደለም፣ ቋንቋውም የእናቱ ቋንቋ አይደለም። ጽሑፉን ከፈረንሳዊው ደራሲ ከክሪስቶፍ ባታይ ጋር አዘጋጅተውት፣ ሌላ ሰው በፈረንሳይኛ ያነበዋል። ያምራል፤ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ያምራል። ሸክላው ባዶ ሳህን ይዞ እያየን፣ ትረካው ስለ ረሃብ በተዋበ ዓረፍተ ነገር ሲነግረን ምስሉ ይደክማል። ሸክላዎቹ ሰማይ ላይ የሚበሩባቸው ቅጽበቶችም አሉ፤ እኔ አልወደድኳቸውም። ያ የቆሙ ምስሎች ጭብጥ እንዳለ ፈርሶ ተረት ይሆናል።

በቋንቋው ላይ ግን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ «ለምን በክመር ቋንቋ አይናገርም?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ውጭ አገር ያደጉ ዘመዶቼን ሳስብ ገባኝ። በአማርኛ ሲጠየቁ «ተወኝ ባክህ» ብለው የሚዘጉትን ነገር በእንግሊዝኛ ረጋ ብለው ያወሩታል። በልጅነት ያልተራብንበት፣ ያልተገረፍንበት ቋንቋ ትንሽ ርቀት ይሰጣል። ሸክላው በዓይን የሚያደርገውን ፈረንሳይኛው በጆሮ ያደርገዋል።

ይህ የርቀት ነገር በሌሎች ፊልሞችም አለ። በ2021 የወጣው «ፍሊ» የተሰኘው ፊልም ከአፍጋኒስታን በልጅነቱ የሸሸን ሰው ታሪክ በአኒሜሽን ይነግራል፤ ሰውየው ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለዳይሬክተር ጓደኛው ሲተርክ። ሥዕሉ ማንነቱንም ይሸፍንለታል። የእኛው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል፦ ዋናው ገጸ-ባሕርይ አንበርብር ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ ትዝታው በቁርጥራጭ፣ በቅዠት፣ ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ ይመጣበታል። እሱ ልብ-ወለድ ነው። ፍላሽባክ ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ግን «ጤዛ» ከ«የጠፋው ምስል» የበለጠ ያሳያል ባይ ነኝ። «የጠፋው ምስል» የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ነው።

ያ ሥራ አልቋል ወይ? አላለቀም። ሪቲ በ2016ም፣ በ2018ም፣ በ2020ም ወደዚያው ነገር የሚመለሱ ፊልሞች ሠርቷል። የ2018ቱ ላይ የዘመዶቹን መቃብር እየፈለገ ይዞራል። የዳነ ሰው ይህን ያህል ይመላለሳል? ወይስ መመላለስ መቻሉ ራሱ ነው መዳኑ? «የጠፋው ምስል» መጨረሻው አካባቢ አንድ የሸክላ ምስል ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሞ አፈር ይለብሳል፤ ከዚያ እንደገና ተገልጦ ይታያል፤ እንደገና አፈር ይለብሳል። ዳይሬክተሩ «ተፈወስኩ» አላለም። ያልነው እኛ ነን፤ ፖስተር ላይ ጥሩ ስለሚመስል።

ካሜራ ከመያዛችሁ በፊት

ከፊልሙ ውስጥ አንድ ትዕይንት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ረሃቡ ሲበረታ አንዲት እናት ማንጎ ለቅማ ትበላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ በስብሰባ ፊት ያጋልጣታል፤ እሷም ወደ ጫካ ትወሰዳለች። አትመለስም። ያ ልጅ ዛሬ የት አለ? ካሜራ ቢሰጡት ምን ይሠራል? አያችሁ፣ በጦርነት ያደገ ልጅ ታሪክ ሁሌ «ይህን አደረጉብኝ» ብቻ አይሆንም። አንዳንዱ የራሱ የሆነ፣ ለማንም ያልተናገረው ነገር ይዟል። እንዲህ ያለውን ነገር በሦስት ቀን ሥልጠና መጨረሻ፣ በተጋበዘ እንግዳ ፊት፣ ስክሪን ላይ ማውጣት ሕክምና አይደለም።

ይህን የምለው ስሜቴን ተከትዬ ብቻ አይደለም። ድሮ አደጋ የደረሰበትን ሰው በአንድ ቀን ቁጭ አድርጎ «ሁሉንም ንገረን» ማለት ጥሩ መከላከያ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ እንዲህ ያለ ንግግር ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል ታወቀ፤ በአንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም ያባባሰ ይመስላል። የገመዱ ሕክምና የሚለየው ተመልሶ ስለሚመጣ፣ በቅደም ተከተል ስለሚሄድ፣ የተከፈተውንም ሳይዘጋ ስለማይነሣ ነው። ሪቲም ቢሆን ብቻውን አልሠራም፤ ቀራጺው አጠገቡ ነበር፣ ጸሐፊው ነበር፣ ሙያው ነበር፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ነበር።

ስለዚህ ለዚያ ተማሪ መመለስ የነበረብኝ ይህን ነው። ፊልም መሥራት ከፈለግህ ሥራ፤ ፊልም ስለምትወድ ሥራ። እንቅልፍ የሚነሣህ ነገር ካለ ግን መጀመሪያ ለባለሙያ ንገር፤ ካሜራው ይጠብቅሃል። ከሠራህም ከትልቁ ድንጋይ አትጀምር። ከኩሽናው ጀምር፣ ከግቢው ዛፍ፣ አያትህ ቡና ከሚያፈሉበት ጥግ። ፊት አታሳይ፤ አንተ ብትፈቅድ እንኳ እህትህ ላትፈቅድ ትችላለች፣ ታሪኩም የእሷም ነው። ለማንም የማይታይ ፊልም መሥራትም መብትህ ነው።

ለእናንተም ይኸው ነው። ፊልሙን ማየት ከፈለጋችሁ ብቻችሁን በሌሊት አትዩት፤ ከሰው ጋር ሆናችሁ እዩት። መሃል ላይ ከከበዳችሁ አቁሙት። ፈተና አይደለም፣ ማንም አያርማችሁም።

አንድ ትዕይንት ግን እንዳያመልጣችሁ። የሪቲ አባት ሲሞቱ ቀብራቸው በወጉ አልተፈጸመም። ያን ሌሊት እናቱ ለልጇ ሊሆን የሚገባውን ቀብር በቃል ተረከችለት፤ ለአንድ አስተማሪ የሚገባውን ሥርዓት ሁሉ፣ አንድ በአንድ። ካሜራ አልነበራት፣ ሸክላ አልነበራት። ፊልሙን ሦስተኛ ጊዜ ሳየው፣ ሪቲ ዘዴውን የተማረው ፓሪስ ሳይሆን ያን ሌሊት መሰለኝ።

ልጁን በቅርቡ አገኘሁት። ባለሙያ ጋ በየሳምንቱ እየሄደ ነው፤ ካሜራ አልገዛም። ስልኩን አውጥቶ የአንድ ቤት ፎቶ አሳየኝ፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ በር፣ ከጎን በኩል ትንሽ የእንጨት አጥር። ቤቱ ዛሬ የለም። ፎቶው እሱ ከካርቶን የሠራው ነው፤ የልብስ ሳጥኑ ላይ አስቀምጦታል።

«ሰዎቹን ገና አልሠራኋቸውም» አለኝ።

ስንት እንደሆኑ አልጠየቅሁትም።